ሊሴ ማይትነር ምን ሠራች? ኖቤሉን ለጊዜው እንተወው

ሰማያዊ እርሳስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሊሴ ማይትነር በተነሳች ቁጥር ወሬው አንድ ዓይነት ነው። የአቶም እምብርት (ኒውክለስ) መሰንጠቁ የተገኘበትን ኖቤል ኦቶ ሃን ብቻውን ወሰደ፣ እሷ ባዶ እጇን ቀረች፣ አቤት ግፍ፣ ከዚያ ክሩ ይዘጋል። ግፉ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ሴትዮዋ ያ ሽልማት ከመምጣቱ በፊት ከሠላሳ ዓመት በላይ ስትለካ፣ ስትመዝን፣ ስትከራከር የኖረች የፊዚክስ ሰው ናት። ሁሌ የተነፈገችውን ስንቆጥር የሠራችውን ማን ያንሳላት? ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ፤ እዚህ ክር ላይ ኖቤሉን ትንሽ እናቆየው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። የተወለደችው 1878 ቪየና ውስጥ ነው፣ ስምንት ልጆች ካሉት አይሁዳዊ ቤተሰብ። አባቷ ጠበቃ ነበር። በዚያ ዘመን ኦስትሪያ ውስጥ ሴት ልጅ በ14 ዓመቷ ትምህርት ጨረሰች ከተባለ በቃ ጨረሰች ነው። ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ትምህርት ቤት የወንዶች ነበር። እሷም ፈረንሳይኛ አስተማሪ ለመሆን ሠለጠነች። የቪየና ዩኒቨርሲቲ በሩን ለሴቶች መክፈት የጀመረው በ1897 ነው፣ እሷ አስራ ዘጠኝ ሊሞላት ሲል። ከዚያ በኋላ ያመለጣትን የስምንት ዓመት ትምህርት በግል አስጠኚ በሁለት ዓመት ገደማ ሸመደደችው። በ1901 የመግቢያ ፈተናውን የወሰዱት 14 ሴቶች ነበሩ። ያለፉት 4። አንዷ እሷ።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሉድቪግ ቦልትዝማን እጅ ላይ ወደቀች። ዕድል ማለት ይሄ ነው። ሰውየው አቶም የሚባል ነገር መኖሩን ብዙዎች በሚጠራጠሩበት ጊዜ ሙጭጭ ብሎ የሚሟገት መምህር ነበር። በ1906 ዶክትሬቷን ያዘች። በ1907 ለጥቂት ወራት ልማር ብላ በርሊን ሄደች። 31 ዓመት ቆየች።

ከዚህ በኋላ ያለውን እናንተም ጨምሩበት፣ ብቻዬን አልጨርሰውም።

ጥያቄ አበዛሁ፦

ጥሩ ክር ነው። በርሊን ስትደርስ ግን እንዴት ተቀበሏት? ምድር ቤት ውስጥ ነበር የምትሠራው ሲባል ሰምቼ የተጋነነ መስሎኝ ነበር።

የማታ አንባቢ፦

ምንም አልተጋነነም። መጀመሪያ የሄደችው ማክስ ፕላንክ ጋ ነው፣ ትምህርቱን ልከታተል ብላ። እሱም «ዶክትሬት አለሽ አይደል፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» ዓይነት ነገር አላት። ግን ፈቀደላት፣ ቆይቶም ዋና ደጋፊዋ ሆነ።

ምድር ቤቱ የመጣው ከኦቶ ሃን ጋር መሥራት ስትጀምር ነው። ሃን ኬሚስት ነው፣ እሷ የፊዚክስ ሰው፣ ሁለቱም ራዲዮአክቲቪቲ ላይ ናቸው፣ አቶሞች ራሳቸው እየፈረሱ ጨረር የሚያወጡበት ነገር ማለት ነው። እሱ የሚሠራበትን የኬሚስትሪ ተቋም የሚመራው ኤሚል ፊሸር ሴት ወደ ቤተ ሙከራው አላስገባም አለ። ምክንያቱን ስሙ፤ የሴት ጸጉር እሳት ይይዛል። (የራሱን ጺም ያየ ሰው ግን በዚህ ምክንያት መሳቁ አይቀርም።) በስንት ልመና ምድር ቤት ያለውን የድሮ አናጢ ክፍል ፈቀደላት። ለብቻው በር አለው። ሁኔታው ደግሞ ይሄ ነው፤ ወንዶቹ የሚሠሩበት ፎቅ ላይ ድርሽ አትልም። ሃን ፎቅ ላይ ኬሚስትሪውን ሲሠራ እሷ ታች ትቀራለች። መጸዳጃ ቤት ስትፈልግ ወጥታ መንገድ ላይ ያለ ምግብ ቤት ትሄዳለች!

ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ያገኟቸው አንዳንድ የተቋሙ ሰዎች «ጤና ይስጥልኝ አቶ ሃን» ብለው ያልፉ ነበር። እሷ አጠገቡ ቆማ ማለት ነው።

በ1908 ፕሩሺያ ዩኒቨርሲቲዎቿን ለሴቶች ስትከፍት ፊሸርም ተለሳለሰ፣ የሴቶች መጸዳጃም ተሠራ። በኋላ እንዲያውም በደንብ የረዳት ሰው እሱ ነው። ሰው ይለወጣል። ደመወዝ ግን አልነበራትም፣ ከቤት በሚላክላት ገንዘብ ነው የኖረችው። የመጀመሪያ ክፍያዋን ያገኘችው በ1912 ፕላንክ ረዳቱ አድርጎ ሲቀጥራት ነው።

አንድ ልጨምር። ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1908 በርሊን መጥቶ ሲያገኛት ደነገጠ። ጽሑፎቿን ያውቃቸዋል፣ ጸሐፊው ወንድ ነበር የመሰለው። ከዚያ እሱና ሃን ቁጭ ብለው ስለ ራዲዮአክቲቪቲ ሲያወሩ ማይትነር የራዘርፎርድን ሚስት የገና ዕቃ ለማስገዛት ገበያ ይዛት ወጣች። እኔን የሚያበሽቀኝ ከመጸዳጃ ቤቱ ይልቅ ይሄኛው ነው።

አስተማሪው፦

ልጆቼ፣ ክሩ ደስ ይላል። ፊዚክስ ሳስተምር ስለኖርኩ እኔ ወደ ሥራቸው ልግባ።

ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር ሃን ዘመተ። ማይትነርም በ1915 በኦስትሪያ ጦር ሆስፒታሎች የኤክስሬይ ሥራ ለመሥራት ሄዱ፣ ብዙ ቁስለኛ አዩ። በ1916 ወደ በርሊን ሲመለሱ ቤተ ሙከራው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፣ ወጣቶቹ በሙሉ ግንባር ናቸው። ከሃን ጋር የጀመሩት ፍለጋ ነበር፤ አክቲኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር ከምን እንደሚወለድ ማወቅ ፈለጉ። ሃን ፈቃድ ሲያገኝ ብቻ ብቅ ይላል። የማዕድኑን ዝቃጭ የማጣራቱም የመለካቱም ሥራ በአብዛኛው ማይትነር ላይ ወደቀ። ያገኙት ንጥረ ነገር ቁጥር 91 ነው፣ ፕሮታክቲኒየም። በ1918 ጽሑፉ ሲወጣ የሃን ስም ቀድሞ ተጻፈ። በዚያ ዓመት አካባቢ የራሳቸውን የፊዚክስ ክፍል መምራት ጀምረው ነበር።

ይህን ያነሳሁት ለዋናው ጉዳይ መግቢያ ነው። ተማሪዎቼ ሁሉ ቢያውቁት የምመኘው የቤታ ክርክሩን ነው። አንዳንድ አቶሞች ሲፈርሱ ከኒውክለሳቸው ኤሌክትሮን ይወጣል፣ ቤታ የሚባለው ጨረር እሱ ነው። ማይትነር «ኤሌክትሮኖቹ ሲነሱ ኃይላቸው እኩል ነው፣ የሚለያየው በኋላ መንገድ ላይ ስለሚያጡ ነው» ይሉ ነበር። ኬምብሪጅ ውስጥ ቻርልስ ኤሊስ የሚባል ሰው ደግሞ «አይ፣ ገና ከመነሻው ይለያያል» አለ። ለዓመታት ተሟገቱ፣ በጽሑፍ፣ ያውም ሳይለሳለሱ። በ1927 ኤሊስና ዉስተር የሚወጣውን ሙቀት ለኩና ኤሊስ ልክ መሆኑን አሳዩ። ማይትነር አላመኑም። ምን አደረጉ? ከቪልሄልም ኦርትማን ጋር የተሻለ መሣሪያ ሠርተው ሙከራውን ደገሙት። በ1930 ውጤቱ ወጣ፤ ኤሊስ ልክ ነው። ራሳቸው አሳተሙት። ለዓመታት የተሟገቱበትን ሐሳብ በገዛ እጃቸው ቀበሩት!

ከዚያ ምን መጣ? ኃይሉ የት እንደሚጠፋ ማንም አላወቀም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ቮልፍጋንግ ፓውሊ የሚባል የፊዚክስ ሰው አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ቲዩቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡት ሰዎች ነው፣ ማይትነር ከመካከላቸው ነበሩ። «ውድ ራዲዮአክቲቭ ወይዛዝርትና ክቡራን» ብሎ ይጀምራል። ሐሳቡ ማንም ያላየው ቅንጣት ኃይሉን ይዞ ይወጣል የሚል ነው። ዛሬ ኒውትሪኖ የምንለው ማለት ነው። በሙከራ የተገኘው በ1956 ነው። የማይትነርና የኦርትማን ልኬት ባይኖር ፓውሊ እንዲህ የሚያብድበት ምክንያት አይኖረውም ነበር።

ላብ ውስጥ ነኝ፦

መምህር እናመሰግናለን፣ የቤታውን ታሪክ ጭራሽ አላውቀውም ነበር።

እኔ ደግሞ ከሁሉም የምወድላትን ልንገራችሁ። በርሊን ዳህሌም ያለው ክፍሏ ውስጥ በየስልኩና በየበሩ እጀታ አጠገብ የሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል ይንጠለጠል ነበር። ራዲዮአክቲቭ ነገር የነካ ሰው ስልኩንም እጀታውንም በወረቀት ነው የሚይዘው። መጨባበጥ ክልክል ነው። ደካማ ጨረር የሚለካበት ክፍልና ጠንካራው ነገር የሚነካበት ክፍል አይገናኙም። ለጤና ብቻ አይደለም። ልኬታቸው እጅግ ደካማ ጨረር ላይ ስለነበር ትንሽ ብናኝ ጠረጴዛ ላይ ከቀረ ቆጣሪው ይዋሻል። አንዱ ሰነፍ ተማሪ የስድስት ወር ሥራ ያበላሻል። በዚያን ጊዜ ብዙ ቦታ ራዲየም እንደ ተራ ጨው ነበር የሚነካካው። የእሷ ክፍሎች ከ25 ዓመት ሥራ በኋላም አልተበከሉም ነበር።

እኛ ጋ «ጓንትህን ሳታወልቅ በር አትንካ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ቆይቷል፣ አሁንም ሰው ይነካል።

ጥያቄ አበዛሁ፦

ቆይ ቆይ። አይሁዳዊት ሆና ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ይዘው እንዴት እስከ 1938 በርሊን ቆየች?

የማታ አንባቢ፦

ዜግነቷ የኦስትሪያ ስለነበር ነው። በ1933 የማስተማር ፈቃዷን ነጠቋት። በ1926 ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆነች ሰው ናት እኮ። ምርምሩን ግን ቀጠለች። ሥራዋን ስለምትወድ ሄዳ መጀመር ከበዳት፣ ፕላንክም ቆይ ይላት ነበር። በኋላ ራሷ ያኔውኑ አለመውጣቴ ትልቅ የሞራል ጥፋት ነበር ብላ ጽፋለች። ይሄን ማንም አስገድዶ አላስጻፋትም።

መጋቢት 1938 ሂትለር ኦስትሪያን ዋጠ። በአንድ ቀን ፓስፖርቷ ወረቀት ሆነ። ሳይንቲስቶች ከአገር እንዳይወጡ የሚከለክል ትእዛዝም እየመጣ ነበር። ዲርክ ኮስተር የሚባል ሆላንዳዊ የፊዚክስ ሰው በርሊን ድረስ መጣላት። ማምሻውን እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ቢሮዋ ቁጭ ብላ የአንድ ወጣት ጽሑፍ ስታርም ነበር፣ ማንም እንዳይጠረጥር። በማግስቱ ሐምሌ 13 ሁለት ትንንሽ ሻንጣ ይዛ ባቡር ተሳፈረች። ቦርሳዋ ውስጥ 10 ማርክ። ሃን የእናቱን የአልማዝ ቀለበት ሰጥቷታል፣ ድንበር ላይ ጉቦ ቢያስፈልግ ብሎ። አላስፈለገም። ሳትያዝ ሆላንድ ገባች። 59 ዓመቷ ነበር። ጡረታ የለ፣ መጽሐፍ የለ፣ መሣሪያ የለ።

ከዚያ ስቶክሆልም ሄደች፣ ማነ ሲግባን የሚመራው ተቋም። ቦታ ሰጧት፣ ሥራ መሥሪያ ግን አልሰጧትም ማለት ይቀላል። የራሷ ረዳት የለ፣ በቂ መሣሪያ የለ።

ቆቅ ነኝ፦

በዚህ ክር ሁሉም እያጨበጨበ ስለሆነ እኔ ተቃራኒውን ልያዝ። ኖቤሉን አናንሳ ተብሏል፣ ግን ሳይነሳ አይቀርም። ዩራኒየም ውስጥ ባሪየም ያገኙት ሃንና ስትራስማን ናቸው። እሷ በዚያ ሰዓት በርሊን አልነበረችም። ሽልማቱ የኬሚስትሪ ነው፣ ሥራውም ንጹህ ኬሚስትሪ ነው። ደግሞ ኒውክለሱ ሊሰበር ይችላል ብላ በ1934 የጻፈችው ኢዳ ኖዳክ ናት፣ ማንም ሰሚ አላገኘችም። ስለ ተረሳች ሴት ከሆነ ለምን ኖዳክ አትነሳም?

ሰማያዊ እርሳስ፦

ተነስቷል፣ እሺ። የኖዳክ ነጥብ ልክ ነው፣ ሐሳቡን ቀድማ ጽፋለች። ግን ጽፋ ተወችው። ሙከራ አልሠራችም፣ ስሌትም አላቀረበችም። ለራሷ ክር ይገባታል፣ ክፈተውና እመጣለሁ።

ወደ ዋናው። በ1934 ፌርሚ የሚባለው የፊዚክስ ሰው ሮም ውስጥ ዩራኒየምን በኒውትሮን (ቻርጅ በሌለው የኒውክለስ ቅንጣት) ሲመታ አዳዲስ ራዲዮአክቲቭ ነገሮች ማግኘቱን አሳተመ። በርሊን ላይ ይህን እንሥራ ብላ የተነሳችው ማይትነር ናት። ሃንን ጎትጉታ መልሳ አብረው እንዲሠሩ ያደረገችው እሷ ናት። ፍሪትዝ ስትራስማን ተጨመረ። (ስለዚህ ሰው ካላወቃችሁ እወቁት፤ የናዚ ማኅበር ውስጥ አልገባም ብሎ ሥራ ያጣ፣ በጦርነቱ ጊዜም አንዲት አይሁዳዊት ቤቱ የደበቀ ሰው ነው።) ለአራት ዓመት ሦስቱም ከዩራኒየም የሚከብዱ ንጥረ ነገሮች እየሠራን ነው ብለው አመኑ። ስህተት ነበር፣ ዓለም ሁሉ ግን አብሮ ተሳስቷል። በኋላ ስትራስማን የቡድኑ የሐሳብ መሪ እሷ እንደነበረች መስክሯል። እሷ ከወጣች በኋላም ደብዳቤው አልቆመም።

ኅዳር 1938 ሃንና ማይትነር ኮፐንሃገን ላይ ተገናኙ፣ በምስጢር። ሃን «ከዩራኒየሙ ራዲየም እያገኘን ነው» አላት። አልተቀበለችውም። በፊዚክስ አይሆንም፣ ሂዱና እንደገና ፈትሹት አለች። ፈተሹት። ራዲየም ያሉት ነገር ከባሪየም አልለይ አለ። ለምን አልለይ አለ? ባሪየም ስለሆነ! ታኅሣሥ 19 ሃን ጻፈላት፤ ምናልባት አንቺ አንድ ማብራሪያ ታገኚለት ይሆናል፣ እኛ ኒውክለሱ ወደ ባሪየም ሊሰበር እንደማይችል ነው የምናውቀው ብሎ። እንግዲህ ቆቅ፣ ውጤቱን ያገኘው ሰው ራሱ ምን እንዳገኘ እሷን ነው የጠየቀው።

ላብ ውስጥ ነኝ፦

የኬሚስትሪውን ጥራት ግን ማቃለል የለብንም። ባሪየምና ራዲየም በኬሚስትሪ ባሕርያቸው እጅግ ይመሳሰላሉ። ጥቂት ሺህ አቶም ብቻ ይዞ እነሱን መለየት ቀላል ሙያ አይደለም። ሃንና ስትራስማን የሚገባቸውን ክብር ስጧቸው። ጥያቄው ለምን ብቻቸውን የሚለው ነው፣ ስትራስማን እንኳ አልተሸለመም።

አስተማሪው፦

የኩንግኤልቩን ክፍል እኔ ልንገራችሁ፣ ይህን ለማንም አልለቅም።

የ1938 የገና ሰሞን ነው። ማይትነር ስዊድን ውስጥ ኩንግኤልቭ የምትባል ትንሽ ከተማ ወዳጆቻቸው ጋ ናቸው። የእህታቸው ልጅ ኦቶ ሮበርት ፍሪሽ ከኮፐንሃገን መጣ። እሱም የፊዚክስ ሰው ነው። ቁርስ ላይ ስለ ራሱ ሙከራ ሊያወራ ቢል አክስቱ የሃንን ደብዳቤ ዘረጉለት። ተሳስቷል አለ። ሃን እንዲህ አይሳሳትም አሉ። ወጡ፤ እሱ በበረዶ መንሸራተቻ፣ እሳቸው በእግራቸው፣ እኩል እሄዳለሁ ብለው ሄዱም። የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡና ቁራጭ ወረቀት አወጡ።

ኮፐንሃገን ያለው የፊዚክስ ሰው ኒልስ ቦር ኒውክለስን እንደ ፈሳሽ ጠብታ ያስበው ነበር። የጠብታውን ቅርጽ የሚይዘው የላይኛው ቆዳው ውጥረት ነው። የዩራኒየም ኒውክለስ ግን 92 ፕሮቶን አለው፣ ሁሉም ፖዘቲቭ ቻርጅ፣ ሁሉም ይገፋፋል። ሲሰላ ግፊያው ውጥረቱን ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም። እንግዲህ አንድ ኒውትሮን ቢገባ ጠብታው ይወዛወዛል፣ ይረዝማል፣ ወገቡ ይቀጥናል፣ ለሁለት ይከፈላል። ባሪየም 56፣ ክሪፕቶን 36። ደምሩት፤ 92።

ሁለቱ ቁራጮች ሲገፋፉ የሚወጣው ኃይል 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ መጣ። በኬሚስትሪ አንድ አቶም የሚሰጠው ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ማይትነር የኒውክለሶችን ክብደት የሚያሰሉበትን ቀመር በቃላቸው ያውቁታል። ግንዱ ላይ ቁጭ ብለው አሰሉት። ሁለቱ ቁራጮች ተደምረው ከመጀመሪያው የሚቀሉት በአንድ ፕሮቶን አንድ አምስተኛ ነው። የጠፋ ክብደት ስንት ኃይል እንደሚሆን የሚናገረውን የአንስታይንን ቀመር አስገቡበት። ገጠመ። በሁለት የተለያየ መንገድ ሄደው አንድ ቁጥር ላይ ደረሱ። ፊዚክስ ውስጥ ከዚህ የሚያስደስት ነገር ካለ እኔ አላየሁም።

ፍሪሽ ኮፐንሃገን ተመልሶ ለቦር ሲነግረው ቦር ግንባሩን መትቶ ምን ዓይነት ጅሎች ነበርን አለ ይባላል። ፍሪሽ ጥር ላይ በመሣሪያ አረጋገጠው፣ «ፊሽን» (መሰንጠቅ) የሚለውንም ስም አወጣለት። የሃንና የስትራስማን ጽሑፍ ጥር 6 1939 ወጣ፣ የማይትነርና የፍሪሽ ደግሞ የካቲት 11 ኔቸር ላይ።

ቆቅ ነኝ፦

እሺ መምህር፣ ይሄ ከማጨብጨብ ይለያል። በኬሚስትሪው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባሪየም ተገኘ ተብሎ ይቆም ነበር ማለት ነው። ግን አሁንም ሽልማቱ ለኬሚስትሪ ከሆነ ሃን ይገባዋል።

ሰማያዊ እርሳስ፦

ይገባዋል፣ ማን አይገባውም አለ። የ1944ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ነው፣ የተነገረው ኅዳር 1945። የኮሚቴው መዝገብ ከ50 ዓመት በኋላ ሲከፈት የታየው የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሰዎች ሥራውን ለሁለት ከፍለው ማየታቸው ነው፣ ድልድዩን ማንም አላየም። እሷ ደግሞ በሕይወቷ ከ40 ጊዜ በላይ ታጭታለች፣ በኬሚስትሪም በፊዚክስም። አንዴም አልሆነም። በቃ፣ ይቺን ብዬ ዘጋሁ።

ከዚያ ይልቅ ያናደደኝ ሙዚየሙ ነው። ሙኒክ ያለው ዶይቸስ ሙዚየም ሙከራው የተሠራባቸውን ዕቃዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ለዓመታት «የኦቶ ሃን የሥራ ጠረጴዛ» እያለ አሳይቷል። የኒውትሮን ምንጩ፣ ቆጣሪዎቹ፣ ማጉያው። አብዛኛው የማይትነር ክፍል የፊዚክስ መሣሪያ እኮ ነው። ኮሚቴ ሊሳሳት ይችላል። ሙዚየም ግን ዕቃው የማን እንደነበር ጠይቆ መጻፍ ሥራው ነው።

ጥያቄ አበዛሁ፦

ስለ ቦምቡስ? «የአቶም ቦምብ እናት» የሚሏትን አይቻለሁ።

የማታ አንባቢ፦

እሷ የምትጠላው ስም ነው። በ1943 እንግሊዞቹ ቡድናቸው ውስጥ ገብታ ቦምቡ ወደሚሠራበት ወደ ሎስ አላሞስ እንድትሄድ ጠየቋት። ከስዊድን የብቸኝነት ኑሮ መውጫ ነበር፣ ፍሪሽም ሄዷል። ከቦምብ ጋር ምንም ግንኙነት አይኖረኝም ብላ እምቢ አለች። ነሐሴ 1945 ሂሮሺማ ሲመታ ጋዜጠኞች በሯ ላይ ተሰለፉ፣ ምስጢሩን ከናዚ ሰርቃ ለአሜሪካ የሰጠች አስመሰሏት። ፈጽሞ ውሸት። በ1946 አሜሪካ ስትሄድ የዓመቱ ሴት ብለው ሸለሟት። የሆሊውድ ሰዎች ፊልም እንሥራብሽ ሲሏት ከዚያስ ራቁቴን ብሮድዌይ ላይ ብሄድ ይሻለኛል ማለቷ ይነገራል።

ለሃን ሰኔ 1945 የጻፈችውን ደብዳቤ ደግሞ አንብቡት። ሁላችሁም ለናዚ ጀርመን ሠራችሁ፣ ዝም ብላችሁ እንኳ ለመቃወም አልሞከራችሁም፣ እዚህም እዚያም አንድ የተጨነቀ ሰው ረድታችሁ ሕሊናችሁን ገዛችሁ ትለዋለች። ደብዳቤው ሳይደርሰው ቀረ ይባላል። ወዳጅነታቸው ግን እስከ መጨረሻው አልተቋረጠም፣ በ1968 በጥቂት ወራት ልዩነት ነው የሞቱት። እሱ የሞተ ጊዜ እሷ ደክማ ስለነበር አልነገሯትም። ይህን ወዳጅነት እስካሁን በደንብ አልገባኝም፣ ምናልባት የሠላሳ ዓመት የሥራ ባልደረባ ሌላ ዓይነት ዘመድ ይሆናል።

ላብ ውስጥ ነኝ፦

በስሟ የተሰየመውን ንጥረ ነገር፣ ማይትኔሪየምን፣ ማንም አላነሳውም። ቁጥር 109። በ1982 ዳርምሽታት ውስጥ ቢስመዝን በብረት ኒውክለስ መትተው ሠሩት፤ በመጀመሪያው ሙከራ ያገኙት አንድ አቶም ነው፣ አንድ። ስሙ በ1997 ጸደቀ። ኩሪየም ለማሪና ለፒየር ኩሪ በጋራ ነው የተሰየመው። ከአፈ ታሪክ ሳይሆን በእውን በኖረች ሴት ስም ለብቻዋ የተሰየመው ማይትኔሪየም ነው። በነገራችን ላይ 105ን «ሃኒየም» እንበለው ብለው ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው በዚያው ዓመት ዱብኒየም ተባለ።

ቆቅ ነኝ፦

ሃሃ፣ ይሄስ ይበቃኛል።

ጥያቄ አበዛሁ፦

መምህር፣ የግንዱን ስሌት ሞከርኩት። የፕሮቶን ክብደት በኃይል ሲለካ 938 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ለ5 ሲካፈል 187.6። 200 ገደማ ያሉት ይሄ ነው?

አስተማሪው፦

እሱው ነው፣ ጎበዝ። አሁን ያንን ኃይል ለባሪየሙና ለክሪፕቶኑ አካፍል። እኩል እንዳታካፍል። የሁለቱ ሞመንተም (ክብደት ሲባዛ በፍጥነት) እኩል መሆን አለበት፣ ከዚያ ተነስ።

ጥያቄ አበዛሁ፦

ስለዚህ ቀላሉ ክሪፕቶን ነው ብዙውን የሚወስደው? ቆይ ላስላና ልምጣ።